የጾም ፍሪጅ

በእትዬ ዓባይነሽ ሆቴል ሁለት ፍሪጅ አለ። አንዱ የጾም ነው፣ አንዱ የፍስክ። የሁለቱም ቁልፍ ማታ ማታ እኔ ዘንድ ያድራል። ጁባ፣ ቶንፒንግ ሰፈር ውስጥ፣ ከአየር ማረፊያው አጥር ማዶ፣ በጄኔሬተር የሚበልጡን ሆቴሎች አሉ፤ በመዋኛ ገንዳ የሚበልጡንም አሉ። ምስር ከሥጋ ጋር አብሮ አድሮ የማያውቅበት ሆቴል ግን የእኛ ብቻ ነው። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለመኩራራት ነው።

ስሜ ገብረእግዚአብሔር ነው፤ ሠራተኛው ጋሼ ገብሬ ይለኛል። ሠላሳ ሁለት ዓመት ስቶር ጠብቄአለሁ፣ ስምንቱን እዚህ ጁባ። በእኔ ስቶር ስሙ ያልተጻፈበት ዕቃ የለም። ጨው ላይ «ጨው» ተብሎ ተጽፏል፣ ስኳር ላይ «ስኳር»። ሰውም ግንባሩ ላይ እንዲህ ቢጻፍበት ስንት ጭቅጭቅ በቀረ ነበር እላለሁ፤ የሚሰማኝ የለም።

ነገሩ የጀመረው የሁዳዴ ጾም በገባበት ሰኞ፣ ሄቨን ከወሊድ ፈቃድ የተመለሰች ዕለት ነው። ሄቨን ሪሴፕሽን ላይ ነው የምትሠራው። ባሏ በዕውቀቱ ወደ ቦር በሚወስደው መንገድ ሥራ ላይ ግሬደር ይነዳል፤ በወር አንዴ መጥቶ አቧራውን አራግፎ ይመለሳል። የሦስት ወር ልጇን ቅዱስን ሃይ ማላካል በሚባለው ሰፈሯ ለጎረቤቷ ለሉብና አደራ ሰጥታ ነበር የመጣችው። ሉብና አሶሳ ያደገች ስለሆነች አማርኛዋ ከእኔ ይሻላል።

እትዬ ዓባይነሽ ገና ከበሩ ሳትርቅ ጠሯት። እኔ የክፍል ቁልፎች ላስረክብ እዚያው ቆሜ ነበር።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሉ፤ ትንፋሽም ሳይወስዱ «ልጁን መቼ ትልኪዋለሽ?» ብለው ጨመሩ።

የቤቱ ደንብ ነው። እዚህ ሆቴል እየሠሩ የወለዱ ሴቶች ሁሉ ልጆቻቸውን አምስት ወር ሳይሞላቸው አገር ቤት ላሉ እናቶቻቸው ልከዋል። እትዬ ራሳቸውም ልከዋል። ልጃቸው ማርቲ አሁን አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ያደገችው አዲስ አበባ አያቷ ዘንድ ነው። እሑድ እሑድ ትደውላለች። እትዬ አንድ ጆሯቸው ስለማይሰማ ስልኩን ጮክ አድርገው ሪሴፕሽኑ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡታል። «እትዬ፣ ደህና ነሽ?» ትላለች ልጅቷ። እማዬ የምትለው አያቷን ነው። እናቷን፣ በስልክ ውስጥ ሠራተኛው ሁሉ ሲጠራቸው የሰማችውን ይዛ፣ እትዬ ትላቸዋለች። ያን ሰዓት ሁላችንም ድንገት ሥራ ይበዛብናል። እኔ ጣሪያው ላይ የተቃጠለ አምፖል እፈልጋለሁ።

«አልልከውም» አለች ሄቨን።

«ማን ሊያጠባው ነው? አንቺ ከጠዋት እስከ ማታ እዚህ ነሽ።»

«ወተቴን አልቤ እልክለታለሁ።»

እትዬ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሆቴል ያላቸው ሰው ናቸው። «እስከ ሆሳዕና ልይሽ» አሉ። «ለፋሲካ አዲስ አበባ እሄዳለሁ። ከጠረጴዛሽ ተነስተሽ አንድ እንግዳ ቆሞ ከጠበቀ፣ ወይም የዚህ ልጅ ለቅሶ እዚህ ድረስ ከተሰማኝ፣ እኔው ራሴ አቅፌ ወስጄ ደብረ ብርሃን ለእናትሽ አስረክባለሁ።»

«ካልሆነስ?»

«ካልሆነ ይቆያል።»

በማግስቱ ለሆሳዕና እሑድ የሁለት ሰው ትኬት አስቆረጡ፣ አንዱ ለራሳቸው አንዱ ለቅዱስ። ልጁ በተወለደ በሦስት ወሩ ትኬት ተቆርጦለታል። የእኔ የዓመት ፈቃድ ሁለት ዓመት ሙሉ እየታየ ነው።

ሄቨን የሻይ ዕረፍቷን ለሁለት ከፍላ ነው ወተት የምታልበው፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት አንዴ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት አንዴ። አስተናጋጁ አክሊል ጠረጴዛው ላይ ይቆምላታል። መጀመሪያ ሽንት ቤት ገባች፤ እንግዳ በሩን ደበደበ። ሁለተኛ ቀን ሽንት ቤት ገባች፤ ያው እንግዳ ደበደበ። ሦስተኛ ቀን እኔ ዘንድ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ጋሼ፣ ስቶርዎን ሩብ ሰዓት ያውሱኝ።»

እኔ ወንደላጤ ነኝ። ስለ ጡት የማውቀው አያቴ የነገሩኝን ብቻ ነው። አያቴ መንዝ ውስጥ አንድ ባላባት መሬታቸውን ሊነጥቃቸው ሲያስፈራራ በአማላጅ ሄደው የባላባቱን አውራ ጣት ማር አስነክረው ጠቡ፤ የጡት ልጁ ሆኑ። ከዚያ በኋላ ሰውዬው ወደ መሬቱ ዞር ብሎ አላየም፤ የጡት ልጅን መበደል ነውር ነው። ስለ ጡት ያለኝ ዕውቀት እዚህ ላይ ያበቃል። ቢሆንም ቁልፉን ሰጠኋት።

እሷ ጤፍ ጆንያ ላይ ተቀምጣ በእጅ በሚሠራ የጡት ወተት ማለቢያ ስታልብ እኔ በሩን ዘግቼ ውጭ እቆማለሁ። ሰው ዘይት ሊያወጣ ሲመጣ «ቆጠራ ላይ ነን» እለዋለሁ። በዚያ ሁዳዴ የእኔ ስቶር በቀን ሁለቴ ተቆጥሯል።

ችግሩ የታለበው የት ይቀመጥ የሚለው ነበር። ቦዳቦዳ የሚሉትን የኪራይ ሞተር የሚነዳው አልአሚን በረዶ የያዘ ሳጥኑን ይዞ የሚመጣው በስድስት ሰዓት ነው፤ እስከዚያ ድረስ በጁባ መጋቢት ውጭ የተቀመጠ ወተት እርጎ ይሆናል። የፍስኩ ፍሪጅ የበሩ ጎማ ተበልቷል፤ ወጥ ቤቱ በቀን ሃምሳ ጊዜ ይከፍተዋል፤ ከናይል የወጣ ዓሣ ተኝቶበታል። ውስጡ የገባ ሁሉ ዓሣ ዓሣ ይላል፤ ቅቤው እንኳን። የጾሙ ፍሪጅ ግን ንጹሕ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ የሚከፍተውም አንድ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው መንበረ ናት።

መንበረ የጾም ምግብ ወጥ ቤታችን ናት። ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳትቀምስ ነው የምትጾመው፤ ቆማ እያበሰለች። የምትቀምስላትም ስለሌላት ጨው የምትመጥነው በጸሎት ነው። ሲያዩአት ታስፈራለች።

«ወተት? በጾም ፍሪጅ?» አለችኝ።

«የሰው ነው እኮ።»

«የሰው ሥጋስ ቢሆን ሊያስገቡ ነው?»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለታችንም አባ ኃይለመለኮት ፊት ቀረብን። አባ ነገሩን ሰምተው «ማን ነው የሚጠጣው?» ብለው ጠየቁ።

«ሕፃኑ» አልኩ።

«ሕፃን ይጾማል?»

«አይጾምም።»

«እናንተ ትጠጡታላችሁ?»

«በስመ አብ!» አለች መንበረ።

«ታዲያ ስለ ማን ነው የምትጠይቁኝ?»

«ስለ ፍሪጁ» አልኩ።

አባ ሁለታችንንም ተራ በተራ አዩን። «ፍሪጅ ቆርቦ አያውቅም» አሉና መስቀላቸውን አሳልመውን ሄዱ።

አሸነፍኩ ብዬ ነበር። ሰኞ ጠዋት መንበረ ፍሪጁ ፊት ቆማ ጠበቀችኝ። «አባን የማገኛቸው እሑድ ነው» አለች፤ «እዚህ ግን በየቀኑ ያለሁት እኔ ነኝ።»

ስለዚህ በሠላሳ ሁለት ዓመት ያላደረግሁትን አደረግሁ። ሱፍ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ሲጠለል ወተት ነው የሚመስለው። እኛም ሱፍ የምናስቀምጠው ባዶ የማር ብልቃጥ ውስጥ ነው። ሁለት ብልቃጥ አፍልቼ ለሄቨን ሰጠኋት፤ በላያቸውም በገዛ እጄ ጽሑፍ «ሱፍ» ብዬ ለጠፍኩ። ጨው ላይ ስኳር ብዬ የጻፍኩ ያህል ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ግን ሠራ። ብልቃጦቹን ከታችኛው መደርደሪያ ከጎመኑ ኋላ እደብቃለሁ፤ የጠዋቱን አልአሚን ይወስዳል፣ የከሰዓቱን ሄቨን ማታ ይዛ ትሄዳለች። አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት። አንድም እንግዳ አልጠበቀም። ሉብና በየቀኑ የልጁን ፎቶ ትልካለች፤ ሄቨን ለእኔ ታሳየኛለች፤ ጉንጩ ከአገጩ አልፎ ወርዷል። እኔም እንደማይገደኝ ሰው «ደህና ነው» እላለሁ። አንድ ቀን ፎቶ ሳይመጣ ቀርቶ ግን ምሳ አልወረደልኝም።

ሆሳዕና ሁለት ቀን ቀረው። ዓርብ ነበር። በስድስት ሰዓት አልአሚን ደወለ።

«ማሌሽ ጋሼ፣ ይቅርታ፣ መንገዱ ተዘግቷል። ትልቅ ሰው ከአየር ማረፊያ ሊያልፍ ነው አሉ። ወታደሮቹ ሞተር አያሳልፉም።»

«እስከ ስንት?»

«እሱን ወታደሮቹም አያውቁትም።»

ሰባት ሰዓት ሆነ፣ ስምንት ሆነ። ሉብና ለሄቨን ደወለች፤ ትናንት ማታ የተወሰደው አልቋል፣ የዱቄት ወተት ብትሰጠው ይተፋል። ሄቨን ስልኩን ዘግታ ለአንድ እንግዳ ደረሰኝ ጻፈች። የጻፈችው ቁጥር ጠመም ያለ ነበር። በስምንት ሰዓት ስቶር ገብታ ሁለተኛውን ብልቃጥ ሞላች፤ እኔም ከመጀመሪያው ጎን አስቀመጥኩት። ሁለት ሙሉ ብልቃጥ ወተት እዚህ፣ የራበው ልጅ እዚያ፣ መሀላቸው ደግሞ አንድ ትልቅ ሰው። ምንም ማድረግ ስላልቻልኩ ተናደድኩ፤ ስቶሩንም የምር ቆጠርኩት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እትዬ እንደ ልማዳቸው ሪሴፕሽኑ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ተቀምጠው ጾማቸውን ፈቱ። ሁዳዴን ሙሉ የሚበሉት ሱፍ ፍትፍት ነው፤ ጨጓራ ስላለባቸው ያለ ቃሪያ፤ ማንኪያ ስለማይወዱ በእጃቸው። ሁለቴ ሲጎርሱ አየሁና አለፍኩ። «መንበረ! ዛሬ ደግሞ ሱፉ እንዴት ጣፍጧል!» ሲሉ ከኋላዬ ሰማሁ። በዚያ ቀን ጭንቅላቴ ቦታው ስላልነበረ ምንም አልጠረጠርኩም።

ወዲያው ለቅሶው መጣ። ሉብና ልጁን በጀርባዋ አዝላ ከሃይ ማላካል እስከ ቶንፒንግ በእግሯ መጥታለች፤ እግረኛ ያሳልፋሉ። ልብሷ በላብ ተጣብቋል። ቅዱስ ከጀርባዋ ላይ የሚያሰማው ድምፅ በዚያ መጠን ካለ ሰው የሚወጣ አይመስልም። በዚያው ደቂቃ ስድስት መሐንዲሶች፣ መኪና ስላላገኙ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ከአየር ማረፊያው በእግራቸው ገቡና ጠረጴዛው ፊት ተሰለፉ።

«ጋሼ፣ ብልቃጡን!» አለች ሄቨን።

ሮጥኩ። ከጎመኑ ኋላ ምንም የለም። ዞር ስል ሁለቱ የማር ብልቃጦች ታጥበው፣ አፋቸው ተደፍቶ፣ መደርደሪያው ላይ ይንጠባጠባሉ።

«መንበረ፣ እዚህ የነበረው ሱፍ?»

«የጠለልኩት ለምሳ ለመጡት ማኅበርተኞች አልቆብኝ ለእትዬ ፈተፈትኩት» አለች፣ ሽንኩርቷን እየከተፈች። «ሱፍዎ ግን ቀጥኗል ጋሼ። ማን ነው የወቀጠው?»

ፍሪጁን ዘግቼ ወደ ሪሴፕሽኑ ተመለስኩ። የሄቨን የሸሚዝ ደረት በሁለት በኩል ርሷል፤ ጡቷ የልጇን ለቅሶ ሰምቷል። እኔን አይታ፣ ባዶ እጄን አይታ፣ ነገሩ ገባት። ስድስቱ መሐንዲሶች ፓስፖርታቸውን ዘርግተው ቆመዋል። እትዬም እጃቸውን ሳይታጠቡ ከጠረጴዛቸው ተነስተው መጡ።

«ምን ተባብለን ነበር?» አሉ።

ሄቨን ልጁን ከሉብና ተቀበለች። አሁን ታጠባዋለች፣ አለቀ፣ ልጁም እሑድ ይሄዳል ብዬ አሰብኩ። እሷ ግን በጠረጴዛው ላይ አሻግራ እትዬ ክንድ ላይ አስቀመጠችው።

«ከጠረጴዛዬ አልተነሳሁም፤ እንግዳም አልጠበቀም» አለች። «ይያዙልኝ፣ ስድስት ሰው ላስገባ።» የመጀመሪያውን ፓስፖርት ከፈተች።

እትዬ ልጅ ካቀፉ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ቅዱስን የያዙት እንደ ሰው አደራ ነው፣ ከገላቸው አርቀው። ልጁ እየጮኸ ራሱን ወዲያና ወዲህ አዟዟረ፣ ከዚያ ድንገት ቆም አለ። አሸተተ። አፉን ከፍቶ አውራ ጣታቸውን ያዘና መጥባት ጀመረ። የሄቨን እስክሪብቶ ሲጽፍ ይሰማ ነበር።

«ምን አግኝቶ ነው ዝም ያለው?» አሉ እትዬ።

ሁዳዴውን ሙሉ ዋሽቻለሁ። ሌላ ሰው የሚናገር ካለ ብዬ ዙሪያውን አየሁ፤ የለም።

«እትዬ፣ ጣትዎ ላይ ያለው የእናቱ ወተት ነው።»

«ምን?»

«የበሉት ሱፍ ሱፍ አይደለም። ሱፍ ብዬ የጻፍኩበት እኔ ነኝ። መንበረ አላወቀችም፣ ሄቨንም ቦታ አጥታ ነው።»

ወጥ ቤቱ በር ላይ የሆነ ነገር ወደቀ፤ መንበረ ነበረች።

«ጾሜን አስገደፋችሁኝ?»

«አዎ።»

«በሰው ወተት?»

«በሄቨን።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ፤ ፍርሃት ግን ምላሴን ፈታው። «በእኛ በመንዝ ሥርዓት» አልኩ፣ «እርስዎ አሁን የሄቨን የጡት ልጅ ነዎት። ቅዱስ ወንድምዎ ነው ማለት ነው። የጡት እናትን ደግሞ መበደል ነውር ነው። እሱም አሁን የእርስዎን ጣት እየጠባ ስለሆነ የጡት ልጅዎ ሆኗል። ዝምድናው ትንሽ ተወሳስቧል።»

እትዬ ልጁን እያዩ ነበር። ቅዱስ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በሁለት እጁ ጣታቸውን ጨብጦ ይጠባል። ጣታቸው ላይ የቀረ ነገር እንደሌለ ሁላችንም እናውቃለን። እሳቸው ግን አላወጡትም። ቀስ በቀስ፣ ሳያስቡት ይመስለኛል፣ ልጁን ወደ ደረታቸው አስጠጉት።

«ማርቲን ስልካት አራት ወሯ ነበር» አሉ፣ ለማንም። «ስድስት ቀን ጡቴ ፈሰሰ። በነጠላ አስሬ እንግዳ አስተናግድ ነበር። በሰባተኛው ቀን ደረቀ።» የልጁን ራስ ቀና አደረጉና «ያን ቀን ነው ያለቀስኩት» አሉ።

እትዬን ስምንት ዓመት አውቃቸዋለሁ። አዘንኩላቸው፤ ያን ያህል ጊዜ ሳላዝንላቸው በመኖሬም አፈርኩ። ቀና ብዬ አምፖል ፈለግሁ። ሁሉም ይበራሉ።

ሄቨን ስድስተኛውን ቁልፍ ሰጥታ «ጨረስኩ» አለች። እጆቿን ዘረጋች።

«ጋሽ ገብሬ» አሉ እትዬ፣ ልጁን ሳይሰጧት። «ሰባት ቁጥር ማን አለበት?»

«ማንም።»

«ከነገ ጀምሮ ሉብና ከልጁ ጋር ቀን ቀን እዚያ ትዋል። እናቱ ሲርበው ትግባ፤ ያን ጊዜ ጠረጴዛው ላይ እኔ እቆማለሁ። ትኬቱንም መልሱት።»

«እሺ እትዬ።»

«እርስዎም ብልቃጥ ላይ ትክክለኛውን ይጻፉ።»

«እሺ እትዬ።»

ከዚያ ጣታቸውን ቀስ ብለው አወጡ። ልጁ ፊቱን አጨማደደ፣ እናቱ ግን ደረሰችለት፤ ጀርባዋን ሰጥታን ተቀመጠችና ጡቷን አጎረሰችው። እትዬ ቆመው ጥቂት አዩዋቸው። የረጠበ ጣታቸውን በመዳፋቸው ይዘውታል።

«ሄቨን» አሉ።

«አቤት እትዬ።»

«አፉን ሲፈታ፣ እትዬ እንዳይለኝ።»